ሠላሳው የጫማ ካርቶን

ማንአልሞሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ የምታለቅስ መሰለው።

«አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሉ አጠገቧ ፍራሹ ላይ የተቀመጡት እትዬ ሣህሊቱ፣ ጀርባዋን እያሻሹ። «አምቀሽ አምቀሽ ልትታመሚ ነው።»

እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ባሏ ይርጉ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሐሙስ ተቀበረ፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ከእንግዲህ ሳቅ የሚባል ነገር ከአፏ የሚወጣ አልመሰላትም ነበር። ነገር ግን ጋሽ ወንዳፍራሽ ከማውንትሌክ ቴራስ ድረስ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከሰው ሁሉ በፊት ወደ ሳሎኑ ማዕዘን አመሩ። እዚያ ነጠላ ለብሶ የተደረደረውን ነገር ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። መጀመሪያ «ጊዮርጊስ» የሚለውን ሳሙ፤ ቀጥለው «ገብርኤል»ን። ከዚያ ወደ ሐዘንተኛዋ ዞረው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉና ተቀመጡ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የሳሙት የጫማ ካርቶን ነበር። ውስጡ ያሉት ደግሞ ቆብ ያጠለቁ፣ ማስቲካ የሚያኝኩ፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ የሰቀሉ የቤዝቦል ተጫዋቾች ናቸው፤ በትንንሽ ካርድ ላይ የታተሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት መርዶው እንደተሰማ፣ ሬኒየር ቢች ያለችውን ጠባብ አፓርታማ ለለቅሶ ያሰናዱት እትዬ ሣህሊቱ ናቸው። ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ሞቶ እሳቸው ያላደራጁት ለቅሶ የለም። ሶፋውን አስወጡ፣ ቴሌቪዥኑን ሸፈኑ፣ ፍራሽ አስነጠፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር አስመጡ። የዕቃ ማስቀመጫውን መጋረጃ ሲገልጡ ታዲያ ሠላሳ የጫማ ካርቶን ተደርድሮ አገኙ። በየካርቶኑ ጎን በይርጉ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት፣ በወፍራም ቀለም ተጽፏል፤ አንድ ልደታ፣ ሦስት በአታ፣ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል እያለ እስከ ሠላሳ ማርቆስ ይዘልቃል። ከላይ «ጳጉሜን» የተጻፈበት የሻይ ቆርቆሮ ተቀምጧል።

እትዬ ሣህሊቱ በወሩ ቀናት ልክ የተሰደሩ ቅዱሳን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ። ይርጉ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ለካ በስውር እንዲህ ያለ ጸሎተኛ ኖሯል! ክዳኑን አልከፈቱም። የሰው ምስጢር፣ ያውም ከቅዱሳን ጋር ያለው፣ አይከፈትም። ጫማቸውን አውልቀው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ደረደሩና ነጠላ አለበሷቸው። ማታ ለጸሎት የመጡት አባ ኪዳነ ወልድም ጠበል ሲረጩ ካርቶኖቹን አልዘለሏቸውም።

ማንአልሞሽ ያየችው ማክሰኞ ነው፤ ያን ቀን የመናገር አቅም አልነበራትም። ረቡዕ ደግሞ ሰው መሳለም ጀምሮ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ ይነገራል? እትዬ ሣህሊቱን በሰባ ዓመታቸው በሰው ፊት ማዋረድ ሊሆን ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ሳቋ ሳይበርድ ወጥ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ። ያነሳችው ልጇ ሃሴት ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ማንአልሞሽ ልጇ «ዬስ» ስትል፣ ረጅም ጊዜ ዝም ስትል፣ ደግሞ «ኦኬ፣ ቱሞሮው» ስትል ሰማቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ መጥታ እናቷ ጆሮ አጠገብ ተንበረከከች።

«ማነው?»

«ዶሪስ የምትባል ኦልድ ሌዲ ናት፣ ከያኪማ። አባዬ የወንድሟን ካርድ አግኝቼልሻለሁ ብሎ ኮል አድርጎላት ነበር። ሶ፣ ነገ ካርድ ሾው ላይ ልትወስደው በባስ ትመጣለች። ቴብሉ እንደ ድሮው ፎርቲ ዋን ነው ወይ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ዬስ አልኳት።»

«መሞቱንስ ለምን አልነገርሻትም?»

ሃሴት የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ጠቀለለች። «አልቻልኩም፣ እማ። በእንግሊዝኛ ብዬው አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ቤት «ዐረፈ» ሲባል፣ «ነፍሱን ይማር» ሲባል የሰነበተው በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤት አልሄደች፤ ለጓደኞቿ አልነገረች። በአንደኛው ቋንቋ አባቷ ገና አልሞተም። ማንአልሞሽ ይህን ስትሰማ ልጇን ልትቆጣ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችውና ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበችው።

ማቀዝቀዣው ላይም ማስረጃው ተለጥፎ ነበር። ይርጉ ባለፈው እሑድ በእርሳስ የጻፋት ብጣቂ ወረቀት፦ «ዶሪስ። ወንድሟ ኤርል። ማርያም ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፤ እንዳይረሳ።» «እንዳይረሳ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስምሮባታል።

ይርጉ ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚያውቀው እምብዛም ነበር። ማን እንደሚሮጥ፣ ለምን እንደሚሮጥ ሲጠየቅ «እሱን ተዉት» ይላል። ነገሩ የጀመረው ማንአልሞሽ ከአገር ቤት ሳትመጣ በፊት፣ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኖ በተቀጠረበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። አንድ ደንበኛ ልጁ አድጎ የተዋቸውን ካርዶች በካርቶን ሙሉ ሊጥል ሲል፣ ይርጉ እንግሊዝኛ ልለማመድባቸው ብሎ ለመነው። በዚያች የመስታወት ጎጆ ውስጥ ዝናቡን እያየ የካርዶቹን ጀርባ ማንበብ ጀመረ። ስም አለ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የትውልድ መንደር፣ የልደት ቀን አለ። ይኼ እኮ የሰው ታሪክ ነው አለ።

አንድ ቀን ታዲያ ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እያየ ሳለ፣ የአላባማ ልጅ የሆነ አንድ ተጫዋች ኖቬምበር ሃያ አንድ መወለዱን አነበበ። በጣቱ ቆጠረ። ኅዳር ሚካኤል! ብቻውን ሳቀ። ቀጥሎ ያለውን አየ፤ ጊዮርጊስ። ቀጥሎ ያለውን፤ አቦ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። አሜሪካኖቹ ሰብሳቢዎች ካርዳቸውን በዓመት፣ በቡድን፣ በቁጥር ይለያሉ፤ ይርጉ በቅዱሳን ቀን ለየ። «ሰው በቡድን አይወለድማ፤ በቀን ነው የሚወለደው» ይላል። አገር ያወቀው ኮከብም፣ አንድ ቀን ተሰልፎ የተባረረውም እሱ ዘንድ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት።

ማንአልሞሽ ስትመጣ ይኼን አገኘች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በካርድ ይሞላል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

«ነይማ ማኔ፣ ይኼን እዪው። ይኼ ሰውዬ ዕድሜውን የጨረሰው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ግን በአንቺ ቀን ነው የተወለደው፤ የኪዳነ ምሕረት ልጅ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግለት?»

«ምንም። እወቂው ብዬ ነው።»

ካርዱን በላስቲክ ማኅደሩ ውስጥ ይከታል፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት የሚለው ካርቶን ውስጥ ያቆመዋል፣ ከዚያ አናቱን በሌባ ጣቱ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ያደርገዋል። ሁሌም ሁለት ጊዜ ነው። «ለሁሉም ቀን አለው» ይላል አንዳንዴ፣ «ካርቶን የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።» እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች የተወለደበትን ቀን የነገረው ሰው የለም። ሱዳን ላይ ፎርም የሞሉለት ሰዎች ጃንዋሪ አንድ ብለው ጻፉለት፤ ከእሱ ጋር ለተሰለፈው ሁሉ እንደጻፉት።

«ጳጉሜን ውስጥ ግባ፤ ሰፊ ነው» ትለዋለች እሷ። ይስቃል።

ካርድ ሰብሳቢዎች ከየከተማው የሚሰበሰቡበት ትልቁ ሾው የሚደረገው በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ ነው። ይርጉ ካርቶኖቹን በጓደኛው በብዙነህ ታክሲ ጭኖ ይሄዳል። በዋዜማው ደግሞ ሸሚዙን እየተኮሰ ይለምናታል። «ዘንድሮ እንኳ ነይ። አንድ ሰዓት ብቻ።» እሷም «ለከርሞ» ትለዋለች። አንድ ዓመት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቅዳሜ ሥራ አስገባት፤ አንድ ዓመት ክርስትና ተጠራች፤ የቀረውን ዓመት እንዲሁ ከልጅ መጫወቻ ጋር መዋል ደስ ስላላላት ቀረች። ስምንት ዓመት ሙሉ «ለከርሞ» አለችው። እሱም ተቆጥቶ አያውቅም፤ «እሺ፣ ለከርሞ» ብሎ ይወጣል። አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አሰበችው። ምን ነበረበት? አንድ ሰዓት ምን ነበረበት?

«እትዬ» አለች። «ነገ ከሣልስቱ በኋላ ወደ ከተማ እወጣለሁ።»

«ወዴት ነው የምትወጪው?»

«ይርጉ የቀጠረው ሰው አለ። ሾው ላይ።»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። ጆሮ ሲያስፈልግ የማይሰማ፣ ሳያስፈልግ የማያመልጠው ነው። «ገበያ ነው እንዴ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ኳስ ነው አሉ» አለች ሌላዋ። «አርባው ሳይወጣ!»

«ልጄ» አሉ እትዬ ሣህሊቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። ባሏን ቀብራ በሦስተኛው ቀን ጨዋታ ቦታ ታየች ስትባዪ ልትውይ ነው? ብዙነህ ያድርስላት። በፖስታ ይላክላት።»

«ብዙነህ ማድረስማ ይችላል።» ማንአልሞሽ ቀና አለች። «እኔን ግን ይርጉ ስምንት ዓመት ለምኖኛል፤ ስምንት ዓመት ለከርሞ እያልኩ ቀርቻለሁ። አሁን ከርሞ የለም፣ እትዬ። ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼ ልሄድለት ነው?»

«የሚሰጣት ዕቃስ የታለ?» አሉ እትዬ ሣህሊቱ።

አሁን የሚሸሽበት አልነበረም። ማንአልሞሽ ወደ ማዕዘኑ አየች። «እዚያ ነው። ማርያም ውስጥ።»

አሮጊቷ ተነሡ። ነጠላውን ገለጡ፣ አማተቡ፣ «ሃያ አንድ ማርያም» የሚለውን ካርቶን አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ። ቆብ ያጠለቁ፣ ዱላ የያዙ፣ ጉንጫቸው በማስቲካ ያበጠ ወንዶች በረድፍ ቆመው አዩአቸው።

«ታዲያ እኔ የሳምኩት…» ጀመሩ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ኳስ ተጫዋች ነው፣ ጋሼ» አለ ብዙነህ፣ ሳቁን በጉንጩ ይዞ።

የእትዬ ሣህሊቱ ፊት ቀላ። ማንአልሞሽ ቶሎ ብላ አጠገባቸው ቆመችና ይርጉ ተጫዋቾቹን በተወለዱበት ቀን እየቆጠረ እንዳስቀመጣቸው አስረዳች። ስትናገር ጣቷ ካርዶቹን እየገለጠ ነበር። ኤርልን አገኘችው፤ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ አንገተ ቀጭን፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ካርዱ አርጅቶ ጠርዙ ተልጧል። ሃሴት ጀርባውን አነበበች። «ቦርን ኖቬምበር ሠርቲ።»

እትዬ ሣህሊቱ ሳያስቡት ጣታቸው መቁጠር ጀመረ። «ኖቬምበር ሠላሳ… ዘጠኝ ሲነሣለት… ሃያ አንድ።» ቀና አሉ። «ኅዳር ጽዮን! ይኼ ልጅ በኅዳር ጽዮን ነው የተወለደው?» ቀጣዩን ካርድ አነሡና ለሃሴት ሰጧት፤ አነበበች፤ ቆጠሩ። ማርያም። ሌላ አነሡ። ማርያም። ጊዮርጊስን ከፈቱ፤ አቦን ከፈቱ። ይርጉ አንዱንም አልሳተም።

«ስድሳ ዓመት ስንክሳር ሲነበብ ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ይኼን ሁሉ ፈረንጅ በየታቦቱ የመደበ ሰው ግን አላየሁም።» ከዚያ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዞሩ። «እርስዎም አይፈሩ፤ የሳምነው የቅዱሳኑን ስም ነው እንጂ ኳስ ተጫዋቹን አይደለም።» ክዳኑን በጥንቃቄ ዘጉ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ትሄጃለሽ። ግን ሐዘንተኛ ብቻዋን አትወጣም፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሚካኤልን ጥዬ ማርያምን ብቻ መያዝም አይሆንልኝም፤ ሠላሳውም ይጫን።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሣልስቱ ጸሎት ደረሰ፤ ቤት ተመልሶ ንፍሮው ተቀመሰ። ከሰዓት በብዙነህ ታክሲ ሄዱ። የዕቃ መጫኛው ሞልቶ፣ ቀሪዎቹ ካርቶኖች ጭናቸው ላይ ነበሩ፤ እትዬ ሣህሊቱ መድኃኔ ዓለምንና ባለ ወልድን አቅፈዋል። መሐል ከተማ ሲደርሱ ብዙነህ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሦስት ጊዜ ዞረ።

«ይርጉ ቢኖር ቦታ አያሳጣንም ነበር» አለ። የአዳራሹ በር ላይ ካርቶኖቹን በጋሪ ጫነላቸው። «ሶ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ።»

በዚያ ዓመት መኸር ከተማው በቤዝቦል አብዶ ነበርና አዳራሹ ጢም ብሏል። እስከ ወዲያኛው ጫፍ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ነው። ጎልማሳ ወንዶች በመስታወት ሣጥን ላይ አጎንብሰው በማጉያ መነጽር የካርድ ጠርዝ ይመረምራሉ። አባት ከልጁ ጋር ይሟገታል፤ ፊርማ ሊያስፈርም የመጣው ሰልፍ ግድግዳውን ታክኮ ይዞራል። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሴቶች ጋሪ እየገፉ ሲገቡ ሰዉ ሳይጠየቅ መንገድ ለቀቀ። ማንአልሞሽ አፈረች። ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ በእርግጥም ያያት ነበር። ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘውን የይርጉን ጉርድ ፎቶ በእጇ ሸፈነችው።

ጠረጴዛ አርባ አንድ ባዶ አልነበረም። ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከኋላው ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ተዘርግተዋል፤ አንደኛው ላይ አረንጓዴ ትራስ ተቀምጧል። ማንአልሞሽ ትራሱን አወቀችው። ከስንት ዓመት በፊት ከሶፋዋ ላይ ጠፍቶባት ጎረቤት ያማችበት ትራስ ነው።

ከጎረቤት ጠረጴዛ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግዙፍ ሰው ተነሥቶ ሃሴትን አነጋገራት። ሮይ ይባላል። የይርጉን ጨርቅና ወንበር ከዓመት ዓመት በመኪናው የሚያስቀምጥለት እሱ ነው፤ ዛሬ ሲዘገይበት ጊዜ ራሱ ዘረጋለት። ይርጉ የት አለ?

ሃሴት እናቷን አየች። ማንአልሞሽ እጇን ያዘቻት፤ ሌላ ልታደርግላት የምትችለው ነገር አልነበረም።

«ማይ ፋዘር ዳይድ» አለች ልጅቷ። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወጣላት፤ በሁለቱም ቋንቋ ሞተ።

ሮይ ቆቡን አወለቀ። ማንአልሞሽን እያየ ወደ ወንበሩ በእጁ አመለከተና የሆነ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል?»

ሃሴት አፍንጫዋን ጠረገች። «ሁልጊዜ ሁለት ወንበር ነው የሚያደርገው ይላል። ሰው ቁጭ ልበልበት ሲለው አባዬ እምቢ ይላል። ‹ሶሪ፣ ማይ ዋይፍ ኢዝ ካሚንግ› ይላል። ኤቭሪ ይር።»

ማንአልሞሽ ጠረጴዛውን ዞራ ትራሱ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ልክ ነበር። ከዚያ ቦታ የአዳራሹ በር በቀጥታ ይታያል፤ ስምንት ዓመት እሱ ወዴት ሲመለከት እንደሚውል አየች። ከሰኞ ጀምሮ ለሰው ስታለቅስ ሰንብታ ነበር፤ አሁን ለይርጉ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ። እትዬ ሣህሊቱ ይህኛው እውነተኛው መሆኑን አውቀው ጀርባዋን አላሻሹም። ካርቶኖቹን ከአንድ እስከ ሠላሳ በተራ ደረደሩ።

ዶሪስ የመጣችው በዝናብ ካፖርት ሆና፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነው። ሃሴት ለሁለተኛ ጊዜ ስትናገረው ድምፅዋ ጸና። አሮጊቷ አፏን ያዘች። ማንአልሞሽ ተነሥታ ካርዱን በሁለት እጇ አቀበለቻት። ዶሪስ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፤ ልጁን አየችው። ቤታቸው ድሮ ሲቃጠል የወንድሟ ፎቶ ሁሉ አብሮ መቃጠሉን ነገረቻቸው። አንድ በጋ ብቻ ነው የተጫወተው፤ በዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ያየችው በሕልሟ ነው።

«ጆሮው…» አለች፣ «ጆሮው ልክ እንዲህ ነበር።» ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ለቅሶ እንግዲህ የእትዬ ሣህሊቱ ሙያ ነው። ክንዷን ይዘው የይርጉ ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ጀርባዋን ማሻሸት ጀመሩ። «አልቅሺ እናቴ፣ ይውጣልሽ» አሏት በአማርኛ። ዶሪስም አለቀሰች። ሁለቱ ሐዘንተኞች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የዶሪስ እጅ የማንአልሞሽን እጅ ፈልጎ አገኘው።

ወሬው በአዳራሹ ዞረ። ቆባቸውን ያወለቁ ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ መጡ። ምን እንደሚባል አያውቁም፤ እጅ ጨብጠው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ። አንዱ ቡና አስቀመጠ፣ አንዷ ኩኪስ በወረቀት ከረጢት። ማንአልሞሽ ይህን ታውቀዋለች፤ ለቅሶ መድረስ ነው። ቀጥሎ ሕፃናት መጡና እንደ ልማዳቸው የልደት ቀናቸውን ተናገሩ፤ ሁሌ ቀናቸውን ቆጥሮ ካርድ የሚሰጣቸው ሰውዬ የት እንዳለ አላወቁም።

«ዲሴምበር ትወንቲ ኤይት» አለች ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ።

እትዬ ሣህሊቱ ጣታቸውን አነሡ። «ዘጠኝ ሲነሣ አሥራ ዘጠኝ። ታኅሣሥ ገብርኤል! ሃሴት፣ ገብርኤልን ክፈቺ! አቤት ይህች ልጅ፣ በቁልቢ ቀን ተወልዳ!» ሃሴት በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ ካርቶኑን ከፈተችና በልጅቷ ቀን የተወለደ ተጫዋች ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። ሰልፍ ያዙ። ብዙነህ መኪናውን አቁሞ ሲደርስ ተራ አስከባሪ ሆነ። ማንአልሞሽ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታይ ደስ አላት። በሐዘኗ መሐል ደስ እንዳላት ለራሷም አልደበቀችም። ይርጉ እዚህ ሲውል ደስ ብሎት ነበር ማለት ነው፤ ከልጅ መጫወቻ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ሲውል ነበር።

ዶሪስ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ ወደ አውቶቡሷ ከሄደች በኋላ፣ ሰዉ ሳሳ። ሮይ ጨርቁን ለማጠፍ መጣና ሃሴትን ጠየቃት።

«ለሚቀጥለው ዓመት ቴብሉን ልያዝላችሁ ወይ ይላል።»

ማንአልሞሽ አላመነታችም። «ለከርሞ እመጣለሁ በዪው።»

እትዬ ሣህሊቱ ካርቶኖቹን እየከደኑ ሳለ ቆም አሉ። «እኔ የምለው ማኔ፣ የይርጉስ ቀን የቱ ነው?»

«አይታወቅም፣ እትዬ። ካርቶን የለኝም ይል ነበር።»

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ የላስቲክ ማኅደር አነሣች። ደረቷ ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍ ፈታችና ጉርድ ፎቶውን በቀስታ አስገባችው። ልክ ሆነለት። ከዚያ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን፣ የራሷን ቀን ከፈተች፤ ከተቀያሪ ወንበሩ ሰውዬ ፊት፣ ከሁሉ በፊት አቆመችው። አናቱን በሌባ ጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና ክዳኑን ገጠመች።